አይሱዙ ላይ በ555 ታይመር የውኃ መርጫ ሠርቼ ሁለት አይሲ በላብኝ

ሰሊጥ_ጫኝ (ጎንደር፣ አዘዞ) · ቅዳሜ ማታ 2፡20

ሰላም ለቤቱ። ሹፌር ነኝ። ሽቦ እነካካለሁ እንጂ ባለሙያ አይደለሁም፣ ስታስረዱኝ ቀስ በሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ከገባ ጀምሮ ከመተማ ሰሊጥ እየጫንኩ ወደ ጎንደር እመላለሳለሁ። ቆላውን ጨርሼ ወደ አይከል የሚያወጣውን ዳገት ስይዝ የሙቀት ጌጁ መውጣት ይጀምራል። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሩብ ሰዓት ከሄደ ቀዩ ጫፍ ይደርሳል። ያኔ ዳር ይዤ እቆማለሁ። ሞተሩን አላጠፋም። ረዳቴ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል፣ ራዲያተሩን ከፊት ውኃ ይረጨዋል፣ ጌጁ ይወርዳል፣ እንቀጥላለን። በአንድ ዳገት ሦስት አራት ጊዜ።

ታዲያ ረዳቱ የሚሠራውን መኪናው ራሱ ቢሠራውስ አልኩ። ካቢኑ ላይ ጀሪካን አሰርኩ። ከጀሪካኑ በጎማ ወደ 12 ቮልት ሶሌኖይድ ቫልቭ፣ ከቫልቩ ራዲያተሩ ፊት ወደ ሰቀልኳቸው ሁለት መርጫዎች። ቫልቩን የሚከፍትና የሚዘጋው በ555 (ባለ ስምንት እግር ትንሽ ሰዓት ቆጣሪ አይሲ) የሠራሁት ታይመር ነው። የፈለግኩት 2 ሰከንድ ረጭቶ 20 ሰከንድ እንዲያርፍ ነው። ሥዕሉን ያወጣሁት ቴክኒክና ሙያ ስማር ከያዝኩት ደብተር ነው።

ችግር አንድ፦ ተገላቢጦሽ ይሠራል። ቤት በቧንቧ ውኃ ስሞክረው 20 ሰከንድ ይፈስና 2 ሰከንድ ያርፋል። ከፕላስ ወደ 7ኛው እግር 270 ኪሎ ኦም፣ ከ7 ወደ 6 ደግሞ 27 ኪሎ ኦም ነው ያደረግኩት። ካፓሲተሩ 100 ማይክሮፋራድ።

ችግር ሁለት፦ መኪናው ላይ ስገጥመው አይሲው ይቃጠላል። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ቆየ። ሁለተኛው ቡና ጠጥተን እስክንነሳ እንኳ አልጠበቀም፣ ስነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ከ3ኛው እግር ቀጥሎ ከአሮጌ ቴፕ የነቀልኩት ትራንዚስተር አለ። ቫልቩን የሚነዳው እሱ ነው።

ሦስተኛ አይሲ ገዝቼ ሳላቃጥል ምከሩኝ።

ቴስተር_አይለየኝ · ቅዳሜ ማታ 2፡41

ቫልቩ ላይ ዳዮድ አለ?

ሰሊጥ_ጫኝ · 2፡44

የምን ዳዮድ?

ቴስተር_አይለየኝ · 3፡05

በል ሌባው ተያዘ።

ሶሌኖይድ ማለት በብረት ዘንግ ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ከረንት ሲያልፍበት ማግኔት ይሆናል፣ ዘንጉን ይስባል፣ ውኃው ያልፋል። እስከዚህ ሰላም ነው። ጉዱ ያለው ስታጠፋው ነው። ኮይል ውስጥ የሚሄድ ከረንት ድንገት ቁም ቢሉት እሺ አይልም። አንተ ታውቀዋለህ፣ ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ፍሬን ስለረገጥክ ብቻ ባለበት ቀጥ አይልም። ከረንቱም መንገድ ሲያጣ ቮልቱን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። 12 ቮልት ያበላኸው ኮይል መቶ ምናምን ቮልት መልሶ ይተፋብሃል። ለቅጽበት ነው። ትራንዚስተር ለመግደል ግን ቅጽበት በቂ ነው።

ለማጅ እያለሁ አንድ የመኪና ሪሌ በባትሪ እሞክር ነበር። የኮይሉን ሁለት እግሮች በጣቶቼ እንደያዝኩ ሽቦውን ከባትሪው ላይ አነሳሁት። እስከ ክርኔ ነዘረኝ። እኔ ደግሞ 12 ቮልት ሰው አይነዝርም ብዬ ስምል የኖርኩ ሰውዬ ነኝ። አለቃዬ ሳቀና «ባትሪው መሰለህ? ኮይሉ ነው የመታህ» አለኝ።

የአንተ ትራንዚስተር ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ያ ምት በሳው። አንዴ ከተበሳ የቫልቩ ከረንት በትራንዚስተሩ ቤዝ በኩል ዞሮ 555ቱ 3ኛ እግር ውስጥ ይገባል። 555 በዚያ እግር የሚችለው ቢበዛ 200 ሚሊአምፒር ነው። ቫልቭህን በኦም ለካው። 12 ኦም ካነበበልህ አንድ አምፒር ይጠጣል ማለት ነው። ምጣድ የሆነው ለዚያ ነው።

መድኃኒቱ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ ነው። ዳዮድ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፣ ቫልቩ ሲጠፋ የኮይሉ ከረንት በእሱ ዞሮ ይበርዳል። ከተበላሸ ቻርጀር ውስጥ በነፃ ይገኛል። ከቫልቩ ሁለት ጫፎች ጋር ትይዩ ታስረዋለህ። ነጩ መስመር ወደ ፕላስ! ደግሜ፣ ነጩ መስመር ወደ ፕላስ። ከገለበጥከው ቀጥታ ሾርት ነው። ፊውዝ ካላደረግክ ደግሞ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ይሆናል።

አውቶፓርኮ_12 · 3፡12

20 ሰከንድ ፈሶ 2 ሰከንድ የሚያርፍ ከሆነ ለጥምቀት የፋሲለደስን መዋኛ አንተ ሙላልን ወንድሜ።

የላብ_ልጅ · 3፡50

ሰዓቱን እኔ ልመልስ። ደብተርህ አልተሳሳተም፣ የተለመደው ሥዕል ነው። ያ ሥዕል ግን የክፍቱን ጊዜ ከዝጉ ማሳጠር አይችልም። ተፈጥሮው ነው።

555 ውስጥ እኩል የሆኑ ሦስት ሬዚስተሮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ኦም። የሰጠኸውን ቮልት ለሦስት ይከፍሉታል። ካፓሲተሩ እየሞላ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ 3ኛው እግር ይጠፋል። እየጎደለ አንድ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይበራል። ለመኪና የሚመቸውም በዚህ ነው። ዲናሞው ቮልቱን ቢያወጣውም ቢያወርደውም ሲሶው አብሮት ስለሚወጣና ስለሚወርድ ሰዓቱ አይዛባም።

አሁን የከረንቱን መንገድ ተከተል። ካፓሲተሩ የሚሞላው በሁለቱም ሬዚስተሮች አልፎ ነው። የሚጎድለው በታችኛው ብቻ ነው። ስለዚህ መሙያው ሁልጊዜ ይረዝማል። የአንተን እናስላው፦ 0.693 × 297,000 × 0.0001 = 20.6 ሰከንድ ክፍት። 0.693 × 27,000 × 0.0001 = 1.9 ሰከንድ ዝግ። ሬዚስተሮቹን ብታቀያይር እንኳ አትገላገልም፣ 20.6 ክፍት እና 18.7 ዝግ ነው የሚሆነው።

የሚያስፈልግህ አንድ ትንሽ ዳዮድ ነው፣ 1ኤን4148 ይበቃል። ከ7ኛው ወደ 6ኛው እግር ታስረዋለህ፣ መስመሩ ወደ 6 ዞሮ። ሲሞላ በዳዮዱ ያቋርጣል፣ ታችኛውን ሬዚስተር አይነካም። ሲጎድል ዳዮዱ ስለማያሳልፈው በሬዚስተሩ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ላይኛው ክፍቱን፣ ታችኛው ዝጉን ለየብቻ ይወስናሉ። ላይ 27 ኪሎ፣ ታች 270 ኪሎ አድርግ። ወደ 2 እና ወደ 19 ሰከንድ ይሰጥሃል። ዳዮዱ ትንሽ ቮልት ስለሚበላ ክፍቱ ጥቂት ይረዝማል። ደግሞ መጀመሪያ ስታበራው ካፓሲተሩ ባዶ ነው፣ የመጀመሪያው ርጭት ወደ 3 ሰከንድ ይሆናል። ተበላሸ ብለህ እንዳትነቅለው።

ካፓሲተሩን አታሳድገው። ረጅም ሰዓት ፈልገው 1000 ማይክሮፋራድ ከሜጋ ኦሞች ጋር የሚያስሩ አሉ። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር በራሱ ውስጥ ያፈሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ሬዚስተሩ የሚያስገባውን ያህል ካፈሰሰ ሁለት ሦስተኛው ላይ አይደርስም፣ ቫልቩም ተከፍቶ ይቀራል። ሞተር አጠገብ ያለውን ሙቀት ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ።

ቴስተር_አይለየኝ · 4፡02

የላብ ልጅ አንደኛ። 555 ገበያ የወጣው በፈረንጆች 1972 ነው፣ ሃንስ ካመንዚንድ የሚባል ስዊዘርላንድ የተወለደ መሐንዲስ ነው የነደፈው። ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ። ይኸው ዛሬ አዘዞ ውስጥ ሰሊጥ ያስጭናል።

ጋሽ_ካቻቢቴ · 4፡30

ጎበዞች ናችሁ ልጆች። ለሹፌሩ አንድ ጥያቄ አለኝ። መኪናህ ባለ ሁለት ባትሪ ነው? ከሆነ ያንን 12 ቮልት ከየት አመጣኸው?

ሰሊጥ_ጫኝ · 4፡38

አዎ ጋሼ፣ ሁለት ባትሪ ነው፣ 24። 555 ያንን እንደማይችል ስለማውቅ ሁለቱን ባትሪዎች ከሚያገናኘው ድልድይ ላይ ነው የወሰድኩት። በቴስተር 12.6 ያነባል። ብዙ ሰው ቴፑንም ከዚያ ነው የሚያስረው።

ጋሽ_ካቻቢቴ · 4፡55

ጠርጥሬ ነበር። አይሲህን ያቃጠለው እሱ አይደለም፣ እዚያ ላይ ልክ ነህ። ባትሪህን ግን እየበላው ነው።

ከድልድዩ ስትወስድ የሚደክመው ማሳ (የመኪናው ብረት፣ ማይነሱ) ላይ የታሰረው ባትሪ ብቻ ነው። ዲናሞው ግን ይህን አያውቅም። ከዳር እስከ ዳር 28 ቮልት ገደማ ይሰጥና ዞር ይላል። የደከመው ባትሪ ድርሻውን ሳይወስድ ይቀራል፣ ያልደከመው የእሱንም ይጠጣል። አንዱ በረሃብ አንዱ በቁንጣን ይሞታሉ። ቁንጣን የያዘው ይፈላል፣ ውኃው ያልቃል።

ነገ ጠዋት የላይኛውን ባትሪ ክዳኖች ክፈትና እይ። ሲጋራ ይዘህ እንዳትጎነበስበት።

ሰሊጥ_ጫኝ · እሁድ ጠዋት 3፡10

ጋሼ እድሜ ይስጥዎ። የማሳው ባትሪ ውኃው ሙሉ ነው። የላይኛው ሁለት ክፍሎቹ ላይ ፕሌቱ ወጥቶ ይታያል። እኔ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባትሪውን የሸጠልኝን ሰው ስረግም ነው የከረምኩት። ሐጢአቱ የራሴ ነው።

ጋሽ_ካቻቢቴ · 3፡25

የተጣራ ውኃ ጨምርበት፣ የቧንቧ አይደለም። አሲድ እንዳትጨምር። ሁለቱንም ለየብቻ በቻርጀር ሙሉ አድርገህ ሙላና መልሰህ እሰር። ከዚያ ድልድዩን እርሳው።

የላብ_ልጅ · 5፡15

እንግዲያውስ እንደ አዲስ እንሥራው፣ ለ24 ቮልት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ታይመሩ ብቻ 12 ቮልት ይብላ፣ ቫልቩ 24 ይሁን።

12 ቮልቱን 7812 የሚባል ቮልት አውርዶ 12 ላይ የሚያቆም አይሲ ይሰጥሃል። እስከ 35 ቮልት መግቢያ ይችላል፣ የመኪናህ 28 ለእሱ ምንም አይደለም። 555 የሚጠጣው 10 ሚሊአምፒር ገደማ ስለሆነ አይሞቅም። ቫልቩን በ7812 በኩል እንዳታሳልፍ ብቻ፣ ያኔ እሱም ምጣድ ነው።

ከ7812 በፊት ጥበቃ አድርግለት። የባትሪ ጫፍ ዲናሞው እየሞላ ሳለ ከላላ መስመሩ ላይ ለጥቂት ቅጽበት በጣም ከፍ ያለ ቮልት ይለቀቃል። ከቁልፉ የመጣውን ፕላስ መጀመሪያ በ1ኤን4007፣ ቀጥሎ በ47 ኦም ሬዚስተር አሳልፈው። ከዚያ 30 ቮልት ባለ 1 ዋት ዜነር (ቮልቱ ከልኩ ሲያልፍ የሚያሳልፍ ዳዮድ) ወደ ማሳ፣ እና 50 ቮልት የሚችል 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ማሳ። ከዚህ በኋላ 7812። ከ7812 ወደ 8ኛውና ወደ 4ኛው እግር። 4ኛውን እንዲሁ አንጠልጥሎ መተው የብዙ ሰው ስህተት ነው። ጥሩንባ ስትነፋ ታይመሩ ከዜሮ ይጀምርብሃል። 5ኛው እግር በ10 ናኖፋራድ ወደ ማሳ።

የቴፑን ትራንዚስተር ተወው። አይአርኤፍ540 የሚባል ሞስፌት ፈልግ፣ 100 ቮልት ይችላል። እሱም ትራንዚስተር ነው፣ ሦስቱ እግሮቹ ጌት፣ ድሬንና ሶርስ ይባላሉ። ከተቃጠሉ ኢንቨርተሮች የሚወጡት ብዙዎቹ 55 ቮልት ብቻ ስለሚችሉ ለ24 መኪና ሕዳጉ ይጠብብኛል። ከ3ኛው እግር በ220 ኦም ወደ ጌቱ፣ ከጌቱ በ10 ኪሎ ኦም ወደ ማሳ። ሶርሱ ማሳ ላይ። ድሬኑ ወደ ቫልቩ አንድ ጫፍ፣ የቫልቩ ሌላ ጫፍ በፊውዝ ወደ ፕላስ። ዳዮዱን ረስተህ እንደገና እንዳትመጣ!

የማሳ ሽቦ ላይ አንድ ቃል። የታይመሩን ማሳ ከቫልቩ ማሳ ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ አታስኪደው። ለየብቻ አምጥተህ ሻንሲው ላይ በአንድ ቡሎን እሰራቸው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ።

ሰሊጥ_ጫኝ · 5፡22

እህቴ ይህን አትሜ ካቢኑ ላይ ልለጥፈው ነው።

ሰሊጥ_ጫኝ · ረቡዕ ማታ 1፡40

ተመለስኩ። እንዳለችው ሠራሁት። 24 ቮልት ቫልቭ አገኘሁ፣ የውኃ ማጣሪያ ማሽን ዕቃ ነው። ሞስፌቱ ለብ እንኳ አይልም። 555ቱ ቀዝቃዛ ነው። ቫልቩ በየ20 ሰከንዱ ጧ ይላል፣ ደስ ሲል!

ግን ውኃ የለም። ጧ ይላል፣ መርጫው ጫፍ ላይ ሁለት ጠብታ ትንጠለጠላለች፣ በቃ። ጀሪካኑ ሙሉ ነው። ጎማው አልታጠፈም። ቫልቩን ነቅዬ ቤት በቧንቧ ስሞክረው ልክ እንደ ጠመንጃ ይተፋል። ወደ መኪናው ስመልሰው ያኮርፋል።

ማኪያቶ_ጠጋኝ · 2፡05

ከሦስት ቀን ጀምሮ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ይህቺ የእኔ ናት። ሥራዬ የቡና ማሽን መጠገን ነው፣ ውሎዬ ከሶሌኖይድ ጋር ነው።

ቫልቩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብልኝ። ቮልቱን አይደለም፣ ግፊቱን።

ሰሊጥ_ጫኝ · 2፡11

0.02–0.8 ሜጋ ፓስካል ይላል።

ማኪያቶ_ጠጋኝ · 2፡30

አዎ። ቫልቭ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኮይሉ በራሱ ጉልበት ቀዳዳውን ይከፍታል። ሁለተኛው ብልጥ ነው፣ ኮይሉ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ይከፍታል፣ ከዚያ የውኃው የራሱ ግፊት ትልቁን ላስቲክ ያነሳዋል። የአንተ ሁለተኛው ነው። በትንሽ ኮይል ብዙ ውኃ ያሳልፋል፣ ግፊት ከሌለ ግን ላስቲኩን የሚያነሳለት የለም። የሰማኸው ጧ የመርፌዋ ድምፅ ነው።

0.02 ሜጋ ፓስካል ማለት 0.2 ባር ነው። ውኃ በየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል። ስለዚህ ጀሪካንህ ከቫልቩ 2 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ካቢኑ ላይ ነው ያልከው፣ ስንት ይሆናል?

ሰሊጥ_ጫኝ · 2፡33

ሜትር ተኩል ቢሆን ነው።

ማኪያቶ_ጠጋኝ · 2፡40

በቃ፣ 0.15 ባር። አይከፍትም።

ጽሑፉ ከ0 የሚጀምር ቫልቭ ብትገዛ ይከፍትልሃል። ግን በዚህ ግፊት የሚወጣው ውኃ ጉም አይሆንም፣ ይንጠባጠባል እንጂ። ራዲያተር የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ፊኑ (ቀጫጭን ክንፎቹ) ላይ ሆኖ የሚተነው ውኃ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን ከ2200 ኪሎ ጁል በላይ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። መሬት ላይ የፈሰሰው ይዞ የሚሄደው ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሌሎችም ይጠቅማል። ከቡና ማሽን ወይም ከልብስ ማጠቢያ የወጣ ቫልቭ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ። አብዛኛው ኮይሉ የ220 ቮልት የቤት መብራት ነው፣ በመኪና ባትሪ ንቅንቅ አይልም።

አውቶፓርኮ_12 · 2፡47

የፍሬን አየር ታንክ ካለህ ከዚያ በቀጭን ጎማ ጠልፈህ ጀሪካኑን ብትነፋውስ? ግፊት እንደልብ!

ጋሽ_ካቻቢቴ · 2፡52

ይህን የጻፈው ልጅ መኪና የለውም መሰለኝ። የፍሬን አየር አይነካም። ቢጫ ጀሪካን ሲፈነዳ፣ ወይም ያቺ ጎማህ ስትሾልክ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ፈልገህ ታጣለህ። ይህ ጨዋታ አይደለም።

አውቶፓርኮ_12 · 2፡54

ይቅርታ ጋሼ፣ ባጃጅ ነው ያለኝ።

ቴስተር_አይለየኝ · 3፡15

24 ቮልት የመስታወት ማጠቢያ ፓምፕ ግዛ። ቫልቩ ከሚፈልገው በላይ ግፊት አለው። ለአጭር አጭር ጊዜ የተሠራ ዕቃ ነው፣ 2 ሰከንድ በየ20 ሰከንዱ ደግሞ ልክ የእሱ ሥራ ነው። ከቫልቩ ጋር ትይዩ እሰረው፣ በዚያው ሞስፌት። ሲበራ ሁለቱም ይበራሉ።

ቫልቩን አውጥቼ ፓምፑን ብቻ ላድርግ እንዳትል። ጀሪካንህ ከመርጫው በላይ ስለሆነ ፓምፑ ሲቆም ውኃው በመሀሉ እየሾለከ ይፈሳል። ፓምፕ አይዘጋም። የሚዘጋው ቫልቩ ነው።

ፓምፑ ከቫልቩ የበለጠ ይጠጣል፣ ስለዚህ በእሱ ጫፍ ላይ ደግሞ 3 አምፒር የሚችል ዳዮድ፣ 1ኤን5408፣ ጨምር። ሞተርም ኮይል ነው፣ ይተፋል። ሞስፌቱን ከአንዲት የአልሙኒየም ቁራጭ ጋር እሰረው። አልሙኒየሟ ግን ሻንሲ እንዳትነካ፣ የሞስፌቱ ጀርባ ድሬን ነው።

ጋሽ_ካቻቢቴ · 3፡40

አሁን እኔ ልቆጣ። አራት ቀን ስለ ሽቦ አወራችሁ፣ አንድ ሰው «መኪናው ለምን ይሞቃል?» አላለም። ይህ አይሱዙ ከፋብሪካ ሲወጣ ረዳት ጀሪካን ይዞ ይሮጥለት ነበር?

መጀመሪያ የራዲያተሩ ክዳን። ጎንደር ከባሕር ወለል 2100 ሜትር በላይ ናት፣ ክፍት ድስት ውስጥ ውኃ በ93 ዲግሪ ይፈላል። ክዳኑ 0.9 ባር ከያዘ ግን እዚሁ ጎንደር ላይ እስከ 115 ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ግፊቱን ካልያዘ ያንን ሁሉ ዲግሪ አጣህ። ከዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፣ ሰው ግን ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያስወርዳል እንጂ ክዳን አይቀይርም።

ሁለተኛ ቺንግያው። ሦስተኛ የቬንትሌተሩ ክላች፣ ሞተሩ ሞቆ እያለ አጥፍተህ በእጅህ ስታዞረው ዝም ብሎ የሚሾር ከሆነ ሞቷል። ሞተሩን አጥፍተህ አልኩ። አራተኛ፣ ካቢኑን ገልብጥና የራዲያተሩን ፊት በባትሪ አብርተህ እይ። አንተ የምትውለው ሰሊጥ አውድማ ላይ ነው።

ያ የምትረጨውም ውኃ የጉድጓድ ከሆነ ሲተን ነጩን ኖራ ፊኑ ላይ ትቶት ይሄዳል። ዛሬ ያቀዘቀዘህ ከርሞ ይደፍንሃል።

ሰሊጥ_ጫኝ · 3፡48

ጋሼ አፍሬያለሁ። ነገ እገለብጠዋለሁ።

ሰሊጥ_ጫኝ · ሰኞ ማታ 2፡30

ይኸው መጣሁ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

ሐሙስ ካቢኑን ገለበጥኩ። የራዲያተሩ ፊት ላይ ምንም አላየሁም፣ ንጹሕ ነው ብዬ ልዘጋው ነበር። ረዳቴ ነው መብራቱን ከጀርባ አድርጎ «ና ወዲህ እይ» ያለኝ። ከታች እስከ ግማሽ ድረስ ብርሃን አያሳልፍም። ከኤሲው ኮንደንሰርና ከራዲያተሩ መሀል የሰሊጥ ገለባ፣ ፌንጣ፣ አቧራ፣ ዘይት፣ ሁሉም ተለውሶ እንደ ጭቃ ግድግዳ ሆኗል። ከፊት ያለው ኮንደንሰር ንጹሕ ስለሆነ አይታይም። እኔ በየዳገቱ ስረጨው የነበረው ውኃ ደግሞ ያንን ጭቃ ነው ሲያጠነክር የከረመው።

ኮንደንሰሩን ፈታን። ውኃውን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ቀስ ባለ ግፊት ለቀቅንበት። በኃይል ከረጨኸው ፊኑ ይተኛል ብለውኛል። ግማሽ ቀን ፈጀ። የወጣው ቆሻሻ አንድ ባልዲ ሞላ ስላችሁ አታምኑም። ክዳኑንም ቀየርኩ፣ የአሮጌው ላስቲክ በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። ክላቹ ደህና ነው።

ከዚያ ፓምፑን፣ ቫልቩን፣ ሁለቱን ዳዮዶች፣ ሁሉንም ገጠምኩ። ታይመሩን የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ አድርጌ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ሰቀልኩት፣ ሞተሩ አጠገብ አላደረግኩትም። ማብሪያው ዳሽቦርዱ ላይ ነው። አርብ ወረድን፣ ቅዳሜ ጭነን ተመለስን።

ዳገቱን ስንይዝ ማብሪያውን አልነካሁትም። ረዳቴ ጌጁን እያየ፣ እኔ መንገዱን እያየሁ። ድሮ የምንቆምበትን የመጀመሪያውን ቦታ አለፍን። ሁለተኛውን አለፍን። ጌጁ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። ሊያልቅ ሲል፣ ዳገቱ በጣም ቀጥ የሚልበት ቦታ ላይ፣ ፊት ለፊታችን አንድ ሲኖ ቀስ ብሎ ሲጎተት በአንደኛ ማርሽ ተከተልኩት። ያኔ መውጣት ጀመረ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ጧ፣ ፍስስ፣ ዝም። ጧ፣ ፍስስ፣ ዝም። ከአምስት ስድስት ርጭት በኋላ ወረደ። አይከል ሳንቆም ገባን። ከጀሪካኑ የጎደለው ከሩብ አይበልጥም።

የላብ_ልጅ · 2፡41

የመጀመሪያው ርጭት ረዘመ ወይ?

ሰሊጥ_ጫኝ · 2፡43

ረዘመ እህቴ። እንዳልሽው ሦስት ሰከንድ ገደማ። ረዳቴ «ተበላሸ!» ሲል እኔ «ካፓሲተሩ ባዶ ስለነበር ነው» አልኩት። እንደ ኢንጂነር ነው ያየኝ።

ጋሽ_ካቻቢቴ · 3፡00

ጥሩ ሠራህ። ባትሪዎቹን በየሳምንቱ ለካቸው፣ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን እይ። ክረምት ሲመጣ ለመርጫው የጣሪያ ውኃ አጠራቅም።

ቆላድባ_ሃይሩፍ · 3፡20

እኔ ሃይሩፍ ነው ያለኝ፣ ባለ አንድ ባትሪ፣ 12 ቮልት። ይህንኑ ሥዕል እንዳለ ብሠራው ይሆናል?

የላብ_ልጅ · 3፡34

እንዳለ አይሆንም። 7812 12 ቮልት ለመስጠት መግቢያው ላይ 14 ያህል ይፈልጋል። የአንተ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ነው፣ ሲነሳ 14 አካባቢ ነው፣ በመሀል ይዋዥቅብሃል። 7812ን አውጣው። በዳዮዱና በ47 ኦሙ አሳልፈህ በ30ው ዜነር ቦታ 15 ቮልት ዜነር አድርግ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ 555። እሱ እስከ 16 ይሠራል። ቫልቩና ፓምፑ የ12 ይሁኑ። ሌላው እንዳለ ነው።

ቴስተር_አይለየኝ · 3፡36

ዳዮድ!

ቆላድባ_ሃይሩፍ · 3፡37

ነጩ መስመር ወደ ፕላስ፣ አንብቤያለሁ 😄

አውቶፓርኮ_12 · 3፡45

ረዳቱስ? ከሥራ ወጣ?

ሰሊጥ_ጫኝ · 3፡52

የምን መውጣት! አሁን ዳገቱን ሙሉ እግሩን ሰቅሎ ይተኛል። ትናንት ቀስቅሼው ጀሪካኑ ውኃ እንዳለው እይ ብለው «ለእሱም ታይመር ሥራለት» አለኝ።